ለብቻ የሚዋጥ ኪኒን

በረዶው እንደ ተነደፈ ጥጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ባቡሩ ፍሮግታውን የተባለውን ሰፈር ሲያቋርጥ ጋሽ በሪሁን በሙቀቱ ተሸንፈው ግማሽ ሕልም ውስጥ ናቸው። ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ስለሆኑ ሌላ ሰው ሲነዳላቸው ነፍሳቸው ደስ ይላታል። ዓይናቸውን ሲገልጡ ዶክተር ፈነት ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ሆፕኪንስ ከተማ ሲኖሩ የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የስኳር በሽታ ተመራማሪ ናት፤ እሳቸውም ጥናቷ ውስጥ ገብተው አዲስ ኪኒን ይወስዳሉ።

«ጋሽ በሪሁን፣ እንደምን ከረሙ? ኪኒኑ ተስማማዎት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጓደኛዬ ቀጀላም ስኳር አለበት አይደል፣ ግማሹን ለሱ ነው የምሰጠው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል።»

ምስጋና ሲጠብቁ የልጅቱ ፊት ጠቆረ። ጋሽ በሪሁን ተቀየሙ።

«ይኸውልሽ! ሪሰርች እያልሽ ጠዋት ከአይጥ፣ ከሰዓት ከተማሪ ጋር ትውያለሽ። ክሊኒክ ከፍተሽ ወገንሽን ብታክሚ ምን አለበት?»

«አክማለሁ እኮ፣ ጋሽዬ። አንዲት እናት ‹ለሌላው የሠራ መድኃኒት እኔን ለምን እምቢ አለኝ?› አሉኝ። መልሱን መጽሐፍ ላይ አጣሁት፤ ላብራቶሪ የገባሁት እሱን ፍለጋ ነው። አይጥ ላይ ያየሁትን በሰው በጥንቃቄ ሳልሞክር ብሰጥ ከጠንቋይ በምን እለያለሁ? እኔ ያልደረስኩበት ላይ ደግሞ ተማሪዎቼ ይደርሳሉ።»

«ታዲያ ቀጀላ ቢቀምስ ምን ይጎድላል?»

«የእርስዎን ደምና ኩላሊት መርምሬያለሁ፤ የሳቸውን አላየሁም። ከሚወስዱት መድኃኒት ጋር ተደርቦ ስኳራቸውን አውርዶ ሊጥላቸው ይችላል። እርስዎም ግማሹን ውጠው ሙሉ ወሰድኩ ካሉኝ፣ ደህናውን መድኃኒት አይረባም ብዬ እጥለዋለሁ። ለብቻዎ ውጠው እውነቱን ሲነግሩኝ ግን ለማያውቁት በሽተኛ ሁሉ አካፈሉ ማለት ነው።»

ደግነትም ካላወቁበት ሰው ይጎዳል። ይህ ሲገባቸው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ።

«ቀጀላ! ኪኒኑን እንዳትውጥ!»

«ዋጥኩት እኮ። ሥራ ልሄድ መኪና አስነስቻለሁ፤ ግን ራሴን ያዞረኛል፣ ላብ በላብ ሆኛለሁ።»

ፈነት ስልኩን ተቀበለች። «ጋሽ ቀጀላ፣ ድራይቭ እንዳያደርጉ! ሞተሩን ያጥፉ፤ ጁስ ካለ ይጠጡ። አምቡላንስ እልካለሁ።»

ሆስፒታል ሲደርሱ ቀጀላ ነፍስ ዘርቶ ትራስ ተደግፏል። ጋሽ በሪሁን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።

«በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር፣ ወንድሜ።»

ቀጀላ እጃቸውን ያዘ። «አፍረህ ዝም ብትል ኖሮ ነበር የምትገድለኝ» አለ።