ከማጣሪያው የወጣችው ቆሮሶ

(ቢሾፍቱ፣ የጥቅምት ረፋድ፤ ክረምቱን ተዘግቶ የከረመው የዋና ገንዳ ሊከፈት ነው፤ እህትና ወንድም በሚያስተዳድሩት የእንግዳ ማረፊያ፣ ከገንዳው ጀርባ ባለው የፓምፕ ክፍል ውስጥ።)

ስንዱ፦ አሲዱ አለቀ። ውሃው ግን አልተበገረም።

ገረመው፦ ጨምሪበታ እታለም። አሲድ ጠፍቶ ነው?

ስንዱ፦ ስንት ጀሪካን ልድፋ? ማታ መመርመሪያውን ጠብ ሳደርግበት ቀለሙ ደህና ይሆናል። ጠዋት ተመልሶ ቀይ ሥር ይመስላል።

ገረመው፦ ይምሰል። ገንዳው ራሱ ሰማያዊ ነው። ትናንት አይቼዋለሁ፣ እንደ መስታወት ነው።

ስንዱ፦ አረቄም እንደ መስታወት ነው። ዓይንህን ትታጠብበታለህ?

ገረመው፦ ክሎር አድርገሽበት የለ?

ስንዱ፦ ውሃው እንዲህ ሶዳ ከሆነ ክሎሩ እንደኛ ዘበኛ ነው። አለ ይባላል፣ ጀርሙ ግን ይገባል ይወጣል።

ገረመው፦ እንግዲህ ውሃም እንደ ሰው ጠባይ አለው። ይሄ የሚሰማው ምንድነው? ዝናብ ነው እንዴ?

ስንዱ፦ እሱን ተወው። ገንዳውን በምን ሞላኸው?

ገረመው፦ በውሃ።

ስንዱ፦ ገረመው።

ገረመው፦ በቧንቧ ነዋ። አንቺ አዲስ አበባ ለቅሶ ሄደሽ፣ እኔ እዚህ ቆሜ አስሞላሁ። ምስጋናው ይሄ ነው?

ስንዱ፦ እትዬ ብርቄን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ያን ሳምንት ሰፈሩ ሁሉ ጠብታ ውሃ አላየም አሉኝ። ልብስ እንኳ ሳያጥቡ ከርመዋል።

ገረመው፦ እትዬ ብርቄ አርጅተዋል። ሳምንቱ ተምታቶባቸው ነው።

ስንዱ፦ ይሁን። ይቺስ?

ገረመው፦ ምንድናት?

ስንዱ፦ ቆሮሶ። ከማጣሪያው ቅርጫት ውስጥ ነው ያወጣኋት። የቧንቧ ውሃ ዓሣ መውለድ የጀመረው መቼ ነው?

ገረመው፦ ወፍ ጥሏት ይሆናል።

ስንዱ፦ እህቶቿም ባልዲው ውስጥ አሉ። ወፉ ማኅበር ነበረበት?

ገረመው፦ እሺ። እሺ በቃ። በቦቴ ነው። ከሐይቁ አስቀድቼ። ቧንቧው እንቢ ሲል ሹፌሩን ለመንኩት፣ ጓደኛዬ ነው። ውሃ ውሃ ነው፣ ሰው እዚያው ይዋኝበት የለ ወይ አለኝ። እኔም እውነት መሰለኝ።

ስንዱ፦ እማዬ በዚያ ውሃ ስታጥብ ሳሙና ትቆጥብ እንደነበር ረሳኸው? በእጅህ ስታሸው ሳሙና ሳይነካው ይሙለጨለጫል። አሲድ ቢጨመርበት ውሎ አድሮ ወደ ጠባዩ ይመለሳል።

ገረመው፦ ቸኩዬ ነው እኮ።

ስንዱ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለምን አልነገርከኝም? አሲድ ተሸክሜ ስመላለስ ቆመህ ታየኛለህ።

ገረመው፦ ይስተካከላል ብዬ ነው። ደግሞ ቅዳሜ የሰርጉ መልስ እኛ ግቢ ነው። ሰናይት...

ስንዱ፦ ሰናይትን እዚህ ምን አገባት?

ገረመው፦ ሙሽራዋ እህቷ አይደለች? አባቷ ይመጣሉ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ቤታችንን የሚያዩት ያን ቀን ነው። ድንኳኑ ገንዳው ዳር ይተከላል ብያታለሁ። እሷ ለአባቷ ነገረች፣ አባቷ ለሰፈሩ ነገሩ።

ስንዱ፦ ሰውዬው ልጆች ይዘው ነው የሚመጡት?

ገረመው፦ የልጅ ልጆቻቸውን በሙሉ። የዋና ልብስ ሁሉ ተገዝቶላቸዋል አሉ።

ስንዱ፦ ጥሩ። ዓይናቸው በርበሬ መስሎ፣ ቆዳቸውን እያከኩ ይመለሳሉ። ከዚያ ሽማግሌህን ላክ።

ገረመው፦ ልጆቹን እንከለክላለን። ገንዳው ለፎቶ ነው እንላቸዋለን።

ስንዱ፦ ለልጅ ውሃ አሳይተህ ትከለክላለህ? አንተን በልጅነትህ ማን ከልክሎህ ያውቃል?

ገረመው፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ስንዱ፦ ነገ የቧንቧ ፈረቃችን ነው። ይሄን ደፍቶ እንደ አዲስ መሙላት።

ገረመው፦ አንድ ፈረቃ ግማሹን እንኳ አይሞላውም። የሰናይት አባት ፊት በግማሽ ገንዳ ልቁም? ተይ እታለም። ጉልበት አይደርስም እኮ።

ስንዱ፦ የማን ጉልበት? ልጆቹ ከዚያ በላይ አይፈልጉም።

ገረመው፦ ሰውዬው ይስቁብኛል።

ስንዱ፦ ይሳቁ። የሳቀ አማት ልጁን ይሰጣል። የልጅ ልጁን ዓይን ያሳበጥክበት ግን በሩንም አይከፍትልህም።

ገረመው፦ አንቺ ደግሞ ነገር ታከብጃለሽ። ለአንድ ቀን ነው እኮ። ቅዳሜ ይለፍልኝና እሑድ ራሴ እደፋዋለሁ። በእማዬ ሞት።

ስንዱ፦ በእማዬ አትማል። ቧንቧ ነው ስትለኝም ዓይንህ እንዲሁ ነበር።

ገረመው፦ እሺ፣ እስከ ነገ እናስብበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያልሽው አንቺው ነሽ። ቆይ ሸሚዜን ላንሳ፣ ለቅዳሜ ብዬ አስጥቼዋለሁ። ዝናቡ እየባሰበት ነው።

ስንዱ፦ ሸሚዝህ አይረጥብም። ዝናብ አይደለም። የገንዳውን መውረጃ ከፍቼ ነው የጠራሁህ።