የአቶ እርማት ወንድም

ዛሬ የምንሸኛቸው የአንጎል ምስል መርማሪ ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ወላጆቻቸውን በልጅነታቸው ስላጡ፣ ድንጋይ እየጠረቡ ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። እኒህ ወንድም ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ማብዛትም የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ግን ሆድ ይፍጀው ብለው አላለፉትም፤ ይህን ቃል በአፋቸው ተናግረው አስጽፈዋል።

ሟች ትምህርታቸውን በማዕረግ ፈጽመው በአንድ ሆስፒታል የምርምር ክፍል ተቀጠሩ፤ ሥራቸውም ሕመምተኛው ማሽን ውስጥ ተኝቶ የተነሣውን የአንጎል ምስል በኮምፒውተር እየከፋፈሉ ማነጻጸር ነበር። እዚያው ሳሉ የሒሳብ መምህርት አግብተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ለሚረሱ አዛውንት የሚሰጥ አንድ ክኒን የአንጎልን የማስታወሻ ሥፍራ ያነቃል ብለው አወጁ። ሟች ግን ያ ሥፍራ ሃያ ቦታ ተከፋፍሎ፣ ክኒኑን የወሰዱት ካልወሰዱት ጋር በእያንዳንዱ ተነጻጽረው ለውጥ የታየው በአንዱ ብቻ መሆኑን ስላዩ፣ መመዘኛው በንጽጽሩ ብዛት ልክ ይጥበቅ አሉ፤ ይህም በሙያው «እርማት» ይባላል። ኃላፊው «የመረጥነው አንድ ሥፍራ ነው፤ ሙሉ አንጎል አላሰስን፣ ምን እርማት ያሻዋል?» ቢሉ፣ «ሥፍራው አንድ ይሁን እንጂ ጥያቄው ሃያ ነው፤ ሃያ ጊዜ ከጠየቁ አንዱ በአጋጣሚም ይገጥማል» ብለው መለሱ። መመዘኛው ሲጠብቅ ግኝቱ እልም ብሎ ጠፋ። ያለ እርማቱ በተዘጋጀው የምርምር ጽሑፍ ላይ ፈርሙ ሲባሉም «በከንቱ ክኒን የሰው እናት አላባብልም» ብለው አሻፈረኝ አሉ።

ታላቅ ወንድማቸው ነገሩን ቢጠይቋቸው፣ «ጋሼ፣ ሰው በሞላበት መንገድ ‹ወንድሜ!› ብለው ቢጣሩ አንዱ ዞር ማለቱ ይቀራል? ዞር ስላለ ታዲያ ወንድሜ ነው ይሉታል?» አሏቸው። ወንድማቸውም «እንዴት ተደርጎ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ባልደረቦቻቸው «አቶ እርማት» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በኮሪደሩ ሲያልፉም «ዝም በሉ፣ ሰላምታችንንም ያርሙብናል» እየተባባሉ ይሳሳቁባቸው ነበር። ወንበራቸው የተበላሹ ማሽኖች ወደተከማቹበት ምድር ቤት ወረደ፤ ጽሑፉም ያለ ስማቸው ታተመ። ቆይቶ ሌሎች መርማሪዎች ሙከራውን በብዙ ሕመምተኞች ላይ ደግመው አንዳችም ለውጥ ስላላገኙ ጽሑፉ ተሰረዘ፤ ሟችን ግን ከምድር ቤት ይውጡ ያለ አልተገኘም። ኩላሊታቸው ታሞ እዚያው ሆስፒታል ሲተኙም፣ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ለሚሠሩት ባልደረቦቻቸው ደረጃውን መውረድ ከበዳቸው።

ዛሬ መንገዱ ቀለላቸው። በሕይወት ሳሉ እርማታቸውን እምቢ ያሉ ሁሉ፣ እርማቸውን ሊያወጡ እነሆ ተሰልፈው ቆመዋል፤ የያዙት አበባ ላይም «ለውድ ወንድማችን» ብለው አጽፈዋል፤ ማንበብ ለማይችሉት ታላቅ ወንድም ሰው አንብቦላቸዋል።

ሟች ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው አንድ ነው። አበባው ከያዘው እጅ ጋር ይመለስ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን፣ ማንም «ወንድሜ» ብሎ በከንቱ በማይጣራበት ሥፍራ ያሳርፍልን።