የፎቶው ልጅ ምን ሆነ?

በአብዮቱ ሰሞን፣ ፈንጣጣን ለማጥፋት ከአሳይታ ወዲህ ባሉት መንደሮች በሽተኛ ስናስስ፣ የእኔ ሥራ በበሽታው የቆሰለ ሕፃን ፎቶ እያሳየሁ «እንዲህ ያለ በሽተኛ አለ?» ማለት ነበር። አንድ የአፋር ሽማግሌ ፎቶውን ትክ ብለው አዩና፣ «ይህን ልጅ አዳናችሁት ወይስ ፎቶ አንስታችሁት ሄዳችሁ?» አሉኝ። አብሮን የመጣው ካድሬ «አባባ፣ አብዮቱ...» ብሎ ሲጀምር፣ «አንተን አልጠየቅኩም» አሉት። ሳቄን ዋጥ አድርጌ እውነቱን ነገርኳቸው፤ «ለታመመው መድኃኒት የለንም። ጤነኛው እንዳይያዝ ግን እንከትባለን።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው እንዲህ አትልም?» ብለው የልጅ ልጃቸውን ወደደበቁበት ጎጆ ወሰዱን። ፊቷ በፈንጣጣ ተሸፍኗል። መንደሩን በሙሉ ከተብን፤ ሌላ ሰው አልታመመም፣ እሷም ጠባሳዋን ይዛ ተረፈች። ካድሬያችን ግን በሪፖርቱ ላይ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? «በሽተኛዋ በእኔ ብርቱ ቅስቀሳ ተገኘች።»