የቁሐሯ ሳጥን ዝም ያለች ለት

ጋሽ አንለይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ይግቡ እንጂ፣ መሥሪያ ቤቱ እርስዎ የሚመሩት አይደል... ዝናቡ ወረታን ተወት አላደረጋትም? ሩዙስ ዘንድሮ አማረልዎ? እህትዎስ ደኅና ናቸው? እንዴት ያለ ልጅ አሳድገው ሰጡን!

እኛማ የጎርፍ ማንቂያ ሳጥኖቻችንን እየፈተሽን ነው። ዛሬ እኮ አንድ ሰው ማመስገን አማረኝ። ስሙን ልተወው... ትሑት ነው፣ መወደስ ያሳፍረዋል።

ያውቁ የለ፣ የአሮጌዎቹ ሳጥኖች አንጎል፣ ፕሮሰሰሩ፣ ሌላ፣ የአዲሶቹ ሌላ ነው። የውኃ መለኪያውን ከሳጥኑ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ የተጻፈው ለአሮጌዎቹ ነበር። ለዚህም የሳጥኑ ዋና ፕሮግራም፣ ከርነሉ፣ ሲገነባ የማዘዣ ዝርዝሩ ላይ «ለዚህ ፕሮሰሰር ብቻ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ያ የተባረከ ግን አድልዎ አይወድማ! «ምን ያከፋፍለናል? ለሁሉም ይሁን» ብሎ ሰረዛት። «ኧረ አንዴ በአዲሱ ሳጥን እንሞክረው» ስለው፣ «አምሳል፣ አንቺ መጠራጠር ትወጃለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እምነት ይጎድለኛል። የአህያ ባል ከጅብ ባያስጥልም፣ ዘመድ ግን ከሙከራ ያስጥላል... ኧረ እርስዎን አላልኩም!

ከዚያማ አዲሷ ሳጥን ቁሐር ሚካኤል፣ ወንዙ ዳር ተተከለች። ድራይቨሩ ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ የማያውቀውን የሜሞሪ አድራሻ ነካካ፤ ሳጥኗም ገና ስትነሳ ደርቃ ቀረች። ወንዙ ሞልቶ ሲወጣ እንዴት ያለ ጨዋ ዝምታ ዝም አለች መሰለዎ! የዚያው መንደር ሰው የሆኑትን እማማ ውባንቺን የቀሰቀሰቻቸው ውሻቸው ናት። ውሻ በበላበት ይጮኻል አሉ... ደመወዝ የሚበላው ነው እንጂ ዝም የሚለው። እስከ ወገባቸው ውኃ ገብተው የልጅ ልጆቻቸውን አወጡ። ላሚቱን ግን አልቻሉም። ገመዷ አልፈታ ብሏቸው፣ ዐይን ዐይኗን እያዩ... «ሳጥኗ ትነግረናለች ብለን ነው ሜዳው ላይ ያሰርናት» ይላሉ። የገጠር ሰው ምን ያውቃል?

መስመሯን መልሼ ጻፍኳት፤ ለአዲሷም የራሷን ድራይቨር ሠራሁላት። አሁን ትጮኻለች። እሱ ደግሞ ስብሰባው ላይ ተነሥቶ «ችግሩን ፈታሁት» ሲል እንዴት አማረበት! ሊሾሙት ነው አሉ... እውነት ነው፣ ጋሽ አንለይ? ደግ አሰቡ። አንዲት መስመር የማይታየው ሰው እኮ ሩቅ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ልመርቀው፣ እርስዎም አሜን ይበሉ። ቅዱስ ሚካኤል እዚያው ቁሐር ላይ ቤት ይስጠው፤ በረቱን በላም፣ ጓዳውን በልጅ ይሙላለት። ክረምት ሲገባም በገዛ እጁ የሠራትን ሳጥን ደጁ ላይ ተክሎ፣ እሷን ብቻ አምኖ፣ ድብን ያለ እንቅልፍ ይተኛ።