ሥጋውን ሸፍነን አረንጓዴ አንባልም

ትናንት ከሰዓት በኋላ የኩባንያችን ቦርድ «ሥጋ» የሚለው ቃል ከስማችን እንዲወጣ ወስኗል። የአሳማ ማረጃውና የብልት ማውጫው ክፍልም በመጪው ማርች ይዘጋል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ዋና ሥራ አስኪያጃችን አቶ ኬይጎ ኡራዞኖ፣ የዕርድ ክፍል ባልደረቦቼ፤ በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መሀል ይህን የስንብት ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የአሳማ ሾርባው እንደ ወትሮው ግሩም ነው። የስኳር ድንች አረቄውን ግን ንግግሬን ሳልጨርስ አልቀምስም። የምናገረውን «ሞቅ ብሏት ነው» ብላችሁ እንድታልፉት አልፈልግም።

የሰው ኃይል ኃላፊው ዛሬ ጠዋት በትሕትና ጠጋ ብለው፣ ተሰናባች ሰው ስለ ልጅ ልጆቹና ስለ ጓሮ አትክልቱ ቢያወራ መልካም እንደሆነ ነግረውኛል። የልጅ ልጅ የለኝም። አትክልቴንም ከርከሮ በልቶታል። ስለዚህ ስለ ሥራ ላውራ።

ወጣቶቹ አታስታውሱትም እንጂ፣ ይህ ግቢ በበጋ የሚሸት ግቢ ነበር። አሮጌው አቶ ኡራዞኖ፣ የአቶ ኬይጎ አባት፣ አንድ ቀን ጠሩኝና «ቶኪኮ፣ ይሄን ፈርስ የሚወስድልን ሰው ጠፋ፤ አንድ ብልሃት ፈልጊለት» አሉኝ። ብልሃቱ የባዮጋዝ ጉድጓድ ሆነ። ፈርሱ፣ ደሙና ሞራው እዚያ ይገባል፤ ጋዙ የማረጃውን ውኃ ያፈላል፤ ዝቃጩ ወደ ስኳር ድንች እርሻ ይሄዳል። ድንቹ አረቄ ይሆናል፣ የአረቄው አተላ ደግሞ ተመልሶ ለአሳማዎቻችን መኖ ይሆናል። በተረፈን ገንዘብ ጣራችን ላይ የፀሐይ ኃይል ተከልን፤ ወደቡ አጠገብ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሠራን፤ ከመኖ ፋብሪካውም ድርሻ ገዛን።

ያን ጊዜ ብልት አውጪዎቹ «የፈርስ እመቤት» ይሉኝ ነበር። አለቃቸው አቶ ሙናካታ እዚያ ጥግ ሆነው ይስቃሉ። ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ይህ ጉድጓድ በየመጽሔቱ ፎቶው ይወጣል። ገንዘብ ሊያስገቡልን የሚፈልጉ ባለሀብቶች ጉድጓዱን ወደውታል፣ መጋዘኑን ወደውታል። ያልወደዱት ሥጋውን ብቻ ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ማረጃው ሲዘጋ ጉድጓዱ ምን ሊበላ ነው? ቦርዱ መልስ አለው፤ ከፉኩኦካ ከተማ የምግብ ቤት ትራፊ በካሚዮን ይመጣል። ተራራ አቋርጦ፣ ናፍጣ እያቃጠለ፣ አካባቢን ለመጠበቅ።

ባለፈው ኤፕሪል ባለሀብቶቹ ከቶኪዮ ሲመጡ የሆነውን በየክፍሉ በየዓይነቱ ስታወሩት ሰምቻለሁ። እኔ እዚያው ስለነበርኩ ልንገራችሁ።

በበሩ ግራ የቆመውን የእንስሳት ነፍስ መታሰቢያ ድንጋይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በየመከሩ የቡድሂስት መነኩሴው ይጸልያሉ፤ እኛም ከሥራ አስኪያጁ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ተራ በተራ እጅ እንነሳለን። እንግዶቹ እንዳይከፋቸው ተብሎ ድንጋዩ በሰማያዊ ሸራ ተሸፈነ፤ ፊቱም የመጠጥ መሸጫ ማሽን ተገተረ። ማሽኑን ሶኬት ላይ የሰካው ሰው ግን አልነበረም።

የእንግዶቹ መሪ ሻይ አማራቸው። ሳንቲም ከተቱ። ማሽኑ ዝም። መታ መታ አደረጉት፤ አሁንም ዝም። ከዚያ ገመዱን ለማየት ወደ ኋላ ዞሩና ሸራውን ገለጡት።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ።

ሁሉም ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ መለስኩ። «የምናርዳቸውን እንስሳት የምናመሰግንበት ነው።»

«ታዲያ ለምን ሸፈናችሁት?»

«እናንተ ስለመጣችሁ ነዋ።»

ሸራውን ለቀቁትና ወደ መኪናቸው ሄዱ። በሳምንቱ መልሳቸው መጣ፤ ገንዘቡ ይገባል፣ ሥጋው ይወጣል።

ከእናንተ መሀል «ያቺ ሴትዮ አፏን ብትይዝ ኖሮ» የምትሉ አላችሁ። ምናልባት እውነታችሁን ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ ግን ያንኑ እመልሳለሁ። ሰው ነፍስ አጥፍቶ የሚበላ ከሆነ፣ ቢያንስ በግልጽ ያድርገው፤ በግልጽም ያመስግን። በሠራው ሥራ ያፈረ ሰው ንጹሕ ሆነ አይባልም።

አቶ ኬይጎ፣ እርስዎ በዚያው ሰሞን «ዘመኑ ነው እኮ» ብለውኛል። ዘመኑንማ ወደዚህ ግቢ ያስገባነው እኛ ነን፤ ያውም በፈርስ በር በኩል። ለአዲስ ገንዘብ በር ይዘጋ አላልኩም። መጋዘን ይጨመር፣ ኃይል ይጨመር፣ የሚሸጥ ይሸጥ። ግንዱን ቆርጦ ቅርንጫፉን ውኃ ማጠጣት ግን ምን የሚሉት ንግድ ነው?

አቶ ሙናካታ ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስንወጣ ያሉኝን ደግሞ መደበቅ አልፈልግም። «እትዬ ቶኪኮ፣ አንቺ በጡረታ ልትወጪ ነው። እዚህ የምንቀረው እኛ ነን። ተዋግተን ብንሸነፍ ቃል የተገባልን የስንብት ክፍያም፣ የመጋዘን ሥራም ይቀርብናል። ዝም ብትይልንስ?»

ከባድ ጥያቄ ነው። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከቢላዋ በቀር ሌላ ነገር ይዞ የማያውቅ እጅ መጋዘን ውስጥ ሣጥን ሲገፋ ምን እንደሚሰማው እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ በእናንተ ላይ አልወስንም። ግን ዝምም አልልም።

ነገሩ ይህ ነው፤ የቦርዱ ውሳኔ ብቻውን አይበቃም። ስም ለመቀየርም ሆነ ማረጃውን ለመዝጋት ከባለአክሲዮኖች ድምፅ ከሦስት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። የኡራዞኖ ቤተሰብ ያን ያህል የለውም። የጎደለው ያለው በሠራተኞች የአክሲዮን ማኅበር እጅ ነው። እኔ እስከ ጁን መጨረሻ የማኅበሩ ሰብሳቢ ነኝ፤ ድምፁን የምሰጠውም አብዛኞቻችሁ ባላችሁት መሠረት ነው። «እሺ» ብትሉ፣ እየመረረኝም ቢሆን እጄን ለ«እሺ» አነሳለሁ። «እምቢ» ብትሉ ደግሞ የጡረታዬን አበባ ታቅፌ ገብቼ «እምቢ» እላለሁ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ እምቢ በሉ።

በሉ እንግዲህ፣ ስለት አይንካችሁ። ወገባችሁ ይጽና፣ እጃችሁ አይዛል። ልጆቻችሁ «አባታችሁ፣ እናታችሁ የት ነው የሚሠሩት?» ተብለው ሲጠየቁ ሳያፍሩ የሚናገሩ ይሁኑ። አቶ ኬይጎ፣ ለእርስዎም ጤናና ማስተዋል ይስጥዎ፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

የማኅበራችን አባላት ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ይመክራሉ። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ጁን 27 ቀን ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ድምፅ ይሰጣል።