የማያቃጥል መድኃኒት

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሎሚ ገዝተው ወደ አማን ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ሚዛን ከተማ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተሸፋፍነዋል። የታናሽ ወንድማቸው የዓለምሰገድ አርባ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል፤ በለቅሶው ቀን በጥፍራቸው የነጩት ፊት ግን ዛሬም እንደቀላ ነው።

«እትዬ! በዚህ ዝናብ ውጭ ይቆማሉ እንዴ?» አለች አንዲት ልጅ ከውስጥ። ሀጂራ ናት፤ ቀደም ሲል የሞቱት የጎረቤታቸው የአሕመዲን ልጅ። ፋርማሲ ተምራ እዚሁ ተቀጥራለች። ወንበር ስባ ስታስቀምጣቸው ነጠላው ተንሸራተተና ጉንጫቸውን አየች።

«ምን እያደረጉበት ነው?»

«ሎሚና አረቄ። ጠዋት ጠዋት።»

«አያቃጥልም?»

«ያቃጥላል እንጂ! ካላቃጠለማ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

ሀጂራ አልሳቀችም። ከመደርደሪያው አንድ ጠርሙስ አውርዳ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ወደ ብርሃን አነሱት፣ ነቀነቁት፣ ከፍተው አሸተቱት።

«ይሄ ውሃ ነው።»

«ቶነር ይባላል፣ እትዬ። ፊትዎን ከታጠቡ በኋላ መዳፍዎ ላይ ጠብ አድርገው ቀስ ብለው የሚያስነኩት ነው። አልኮልም ሽቶም የለበትም፤ ግሊሰሪንና እሬት አለው። የተቆጣ ቆዳ ያረጋጋል፤ ቆዳው ራሱን እስኪጠግን ድረስ እርጥበቱን ይይዝለታል።»

«አያቃጥል፣ ሽታ የለው! እንዲህ ያለውን እኔም ከቧንቧ እቀዳለሁ» አሉ። ጠርሙሱን ግን አልመለሱም።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ለሰማንያው የቴፒ ዘመዶች ይመጣሉ። ፊቴ ለስልሶ ቢያዩኝ ‹ወንድሟን በሁለት ወር ረሳችው› አይሉኝም? እናንተ ሙስሊሞች ፊት አትነጩም፤ ምን ታውቂያለሽ!»

«አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን እጄን ይዘው አብረውኝ የተቀመጡት እርስዎ አይደሉም? ያኔ ሐዘኔን ፊቴ ላይ ፈልገው ነበር?»

ወይዘሮዋ ነጠላቸውን መልሰው ጉንጫቸው ላይ ሳቡ። ሐዘን ምስክር ይሻል ብለን ቆዳችንን ወረቀት ያደረግን ብዙ ነን። ሟቹ ግን ያን ጽሑፍ አያነብም፤ የሚያነበው ጎረቤት ነው።

«ጋሽ ዓለምሰገድ የቡና ችግኝ ያፈሉ ነበር» አለች ሀጂራ። «ገና የበቀለውን ፀሐይ ላይ ይተዉት ነበር?»

«ምን ሲደረግ! ዳስ ይሠራለታል፣ በላዩ ሣር ያለብሰዋል። ውሃ እንኳ ስናጠጣ ‹ቀስ በሉ፣ ሥሩ ይነቀላል› እያለ ይቆጣን ነበር።»

«አዲስ ቆዳም እንደዚያው ነው። እርስዎ ግን ገና ብቅ ሲል በሎሚ ያቃጥሉታል።»

ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሎሚ የያዘውን ፌስታላቸውን አዩ። ዓለምሰገድ ችግኝ ላይ ሎሚ ሲጨምቅ ታያቸውና ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አመለጣቸው።

«እንግዲያ ቀቢኝ።»

«ዛሬ አይሆንም። ይቺ እርጥቧ ቁስል ገና አልተዘጋችም፤ ቶነር ክፍት ቁስል ላይ አይደረግም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ያሳዩት። ሲዘጋ ክንድዎ ላይ ይሞክሩት፤ ካላሳከከዎት ጠዋትና ማታ ፊትዎን ያስነኩታል። ከፀሐይም ይከልሉት። ጠባሳውን ሁሉ ያጠፋል ብዬ ግን አልዋሽዎትም።»

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ እያልሽ ገበያ ታገኛለሽ?» አሉና የጠርሙሱን ዋጋ ከፍለው፣ ሎሚውን ለእሷ ትተውላት ሄዱ።

በሰማንያው ቀን፣ ከአርባው ወዲህ ዘመዶቿ ዘንድ የሰነበተችው የዓለምሰገድ ሚስት ወርቅአፈራሁ ከቴፒ መጣች። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ለሰማንያው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀበሏት። ማቃጠሉም ማሳከኩም ቀርቶላቸዋል፤ እንቅልፍ አግኝተዋል፤ ሰው ሽሽት ዘግተውት የነበረውን ሱቃቸውን ከፍተዋል። ጉንጫቸው ላይ የቀረችው አንዲት ቀጭን መስመር ናት።

«ፊትዎ ዳነ፣ እትዬ» አለች ወርቅአፈራሁ፣ ወቀሳ ባለው ድምፅ።

«ፊቴ ድኗል። ልቤን አትጠይቂኝ።»

ወርቅአፈራሁ የባሏን ፎቶ ስታይ ጮኸችና ጥፍሯን ወደ ጉንጯ ሰደደች። ወይዘሮ የዓለምዘርፍ ሁለቱንም እጆቿን ቀለብ አድርገው ያዙ።

«አልቅሺ፤ እኔም አለቅሳለሁ። እጅሽን ግን ለእኔ ስጪኝ። ያፈላው ችግኝ ዘንድሮ ክረምት ይተከላል፤ ለእሱ ያስፈልገናል።»

እጅ ለእጅ እንደተያያዙ አለቀሱ። ያን ቀን በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድም ጥፍር ፊት አልነካም።