«ሆዴ» ብቻ የምትለዋ ልጅ

ፊደልን ያለ መምህር የለየሁ፣ ሬዲዮ ፈትቼ የምገጥም ሰው ነኝና በታክሲ ወሬ ቶሎ አልደነቅም። ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጡት ቄስ ልጇን ይዛ አጠገባቸው ያለችውን እናት ጠየቁ።

«ልጅሽን ምን አገኛት?»

«ከልጅነቷ ነገር መረዳትም መናገርም ይከብዳታል፣ አባ። የትም ቢያማት ‹ሆዴ› ነው የምትለው። ስንት የሆድ መድኃኒት አጠጣኋት!»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሟ ስልክ ላይ የሰው ሥዕል አሳይታ ‹የሚያምሽን ቦታ ንኪ› አለቻት። እኔ ልመልስላት ስል ‹አንቺ ዝም በይ› አለችኝ።»

«አንቺን ዝም አሰኘችሽ? ጎበዝ ናት!»

«ይሳቁ እንጂ! ልጄ የሥዕሉን ጆሮ ነካች። ስልኩ ‹ጆሮዬን ያመኛል› ብሎ ተናገረላት።»

«በአማርኛ?»

«ጥርት ባለ አማርኛ! ሲያዩት የገብስ ፍሬ ጆሮዋ ገብቶ መግል ቋጥሯል። አወጡላት።»

«ተመስገን! አሁንስ ተሻላት?»

«እሷን ይጠይቋት፣ አባ።»

ቄሱ ወደ ልጅቷ ዞረው «ተሻለሽ ወይ፣ ልጄ?» አሉ። ልጅቷ ጆሮዋን ነካ አድርጋ ሳቀች።

ለወሬ ሁሉ መልስ የማላጣው እኔ፣ አንበሳሜ እስክንደርስ ስለዚያ ስልክ እናትየዋን ስጠይቅ ሄድኩ።